አንድ ሰንጠረዥ፣ ሦስት ፍርድ

ኤፕሪል 24 ቀን 2020 የሆላንድ ንጉሣዊ እግር ኳስ ማኅበር፣ በአጭር ስሙ ኬኤንቪቢ፣ የ2019/20 የውድድር ዘመን በዚያው ተቋርጦ መቅረቱን አስታወቀ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ለይቼ ካላመለከትኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማኅበሩ ሻምፒዮን የለም አለ። ከታችኛው ሊግ የሚያድግ፣ ከላይኛውም የሚወርድ ክለብ የለም አለ። ወደ አውሮፓ ውድድሮች የሚሄዱት ክለቦች ግን ውድድሩ በቆመበት ዕለት በነበረው የደረጃ ሰንጠረዥ መሠረት ይለያሉ አለ።

ውድ አንባቢያን፤ ይህን ውሳኔ እባካችሁ አንድ ጊዜ ደግማችሁ አንብቡልኝ። የደረጃ ሰንጠረዡ አንድ ነው። ሻምፒዮን ለመሰየም ሲሆን ያልተሟላ ነው ተባለ። ወራጅና አዳጊ ለመለየት ሲሆን እንዳልነበረ ተቆጠረ። የአውሮፓን ገንዘብ ለማከፋፈል ሲሆን ደግሞ የተሟላ፣ የታመነና የጸደቀ ሰነድ ሆነ። አበው በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ይላሉ፤ እዚህ ግን በአንድ ራስ ሦስት ምላስ ነው የበቀለው።

ፖለቲካ በሚጻፍበት ገጽ ላይ የኳስ ነገር ምን አመጣው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። መልሴ አጭር ነው። ሕግ ያላሰበው ነገር ድንገት ሲከሰት፣ ሥልጣን የያዘ አካል ማንን አስቦ ማንን እንደሚረሳ ከዚህ ጉዳይ በተሻለ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። ጉዳዩ በፓርላማ ቢሆን ኖሮ በሺህ ሰበብ ይድበሰበስ ነበር። በእግር ኳስ ግን ነጥቡ ተቆጥሯል፣ ጎሉ ተመዝግቧል፣ ድምፁም ተለክቷል። የሚደበቅበት ጥግ የለም።

በዕለቱ የነበረው ሁኔታ

አስቀድሞ እውነታዎቹን ላስቀምጥ። ኤሬዲቪዚ ተብሎ የሚጠራው የሆላንድ ከፍተኛ ሊግ 18 ክለቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ክለብ 34 ጨዋታ ያደርጋል። በማርች 2020 ኮሮና ሜዳዎቹን ሲዘጋ አብዛኞቹ ክለቦች 26፣ ጥቂቶቹ ደግሞ 25 ጨዋታ አድርገው ነበር። ከውድድሩ ሦስት አራተኛው ያህል አልቋል ማለት ነው።

ከላይ አያክስና ኤዜድ አልክማር በእኩል 56 ነጥብ ተቀምጠው ነበር። አያክስን አንደኛ ያደረገው የግብ ክፍያ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ክለቦች በዚያ ዘመን ሁለት ጊዜ ተገናኝተው ሁለቱንም ያሸነፈው ኤዜድ ነበር፤ በዲሴምበር 2019 አንድ ለባዶ፣ በማርች 1 ቀን 2020 ደግሞ አምስተርዳም ድረስ ሄዶ ሁለት ለባዶ። ይህ እንግዲህ በኦገስት 2019 የስታዲየሙ ጣሪያ በነፋስ ተደርምሶበት፣ ለወራት በሰው ሜዳ እየተጫወተ የቆየ ክለብ ነው።

ከታች አርኬሲ ዋልዋይክ በ26 ጨዋታ 15 ነጥብ ብቻ ይዞ የመጨረሻው ነበር። አዶ ዴንሃግ በ19 ነጥብ ከርሱ ከፍ ብሎ 17ኛ ላይ ተቀምጧል። በሁለተኛው እርከን ሊግ ደግሞ የፍሪስላንዱ ካምቡር በ29 ጨዋታ 66 ነጥብ ሰብስቦ አንደኛ፣ የዱቲንኸሙ ዴ ግራፍሻፕ በ62 ነጥብ ሁለተኛ ነበሩ። ካምቡር ከሦስተኛው ክለብ በ11 ነጥብ ይርቅ ነበር። በደንቡ መሠረት ሁለቱም በቀጥታ የሚያድጉበት ቦታ ላይ ነበሩ።

በመካከሉ ኡትሬክት አለ። ከቪለም 2ኛ በሦስት ነጥብ ዝቅ ብሎ ስድስተኛ ነበር፤ ግን አንድ ቀሪ ጨዋታ በእጁ አለ፣ የግብ ክፍያውም የተሻለ ነው። ያንን ጨዋታ ቢያሸንፍ አምስተኛ ይሆናል። በዚያ ላይ አያክስን በግማሽ ፍጻሜ ሁለት ለባዶ አሸንፎ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሷል፤ ከፌይኖርድ ጋር ሊጫወትም ቀን ተቆርጦለት ነበር። ፍጻሜው ተሰረዘ። የአውሮፓው ቦታም ለቪለም 2ኛ ተሰጠ። ኡትሬክት በሁለት በር ወደ አውሮፓ ሊገባ የሚችል ክለብ ነበር፤ ሁለቱም በር በአንድ ቀን ተዘጋበት።

ቫይረሱ አልወሰነም

ስለዚህ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር የምሰማው መልስ አንድ ነው፤ ኮሮና ነው የወሰነው፣ ሰው ምን ያድርግ ይባላል። ይህ አባባል ጨዋነት የተላበሰ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን ኃላፊነትን ወደ ሰማይ የመወርወር ዘዴ ነው።

የውድድሩን መቆም አልቃወምም። የሆላንድ መንግሥት ኤፕሪል 21 ቀን ፈቃድ የሚጠይቁ ዝግጅቶች እስከ ሴፕቴምበር 1 ድረስ እንዳይካሄዱ ሲከለክል ሊጉ የሚቀጥልበት መንገድ ተዘግቷል። ሰው እየሞተ ኳስ ይንከባለል የሚል ጤነኛ ሰው የለም። መቆሙን የወሰኑት ወረርሽኙና መንግሥት ናቸው፤ እስከዚህ ድረስ እስማማለሁ።

ከቆመ በኋላ የተደረገው ግን የሰው ሥራ ነው። ሰንጠረዡ ለአውሮፓ ይሠራል፣ ለመውረድ አይሠራም ብሎ የወሰነ ቫይረስ የለም። ያንን የወሰኑት በዛይስት ከተማ ጽሕፈት ቤት ያላቸው፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ አማካሪና ጠበቃ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ዝናብ ጣሪያ ሊያፈርስ ይችላል፤ ከፈረሰው ቤት የተረፈውን ዕቃ ማን ይውሰድ ብሎ የሚያካፍለው ግን ዝናቡ አይደለም።

እኔ በሙያዬ መምህር ነኝና ነገሩን በማውቀው ልመስለው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ከሴሚስተሩ ሦስት አራተኛው እንዳለቀ በአስገዳጅ ምክንያት ተዘጋ እንበል። መምህሩ እስከዚያ የሰበሰበውን ማርክ ይዞ ወደ ትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ቀረበ። ለውጭ አገር ስኮላርሺፕ የሚታጩትን በዚህ ማርክ መርጫለሁ ይላል። የክፍሉ ቀዳሚ ተማሪ ማን ነው ሲባል፣ ማርኩ ስላልተሟላ መናገር አይቻልም ይላል። የወደቁትስ ሲባል፣ የወደቀ የለም ይላል። ከበታች ክፍል በብልጫ አልፈው ሊገቡ ደጅ የቆሙትስ ሲባል፣ ቦታ ስለሌለ ባሉበት ይቆዩ ይላል። እንዲህ ያለ ውጤት በየትኛው ጉባኤ ይጸድቃል? ማርኩ ወይ ይታመናል ወይ አይታመንም። ስኮላርሺፕ ለመስጠት የታመነ ማርክ ለሌላው ጉዳይ የማይታመንበትን ምክንያት መምህሩ ማስረዳት አለበት። ካላስረዳ የምንጠረጥረው ማርኩን አይደለም፤ መምህሩን ነው።

ኬኤንቪቢ ለዚህ ጥያቄ ምን መለሰ? የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ስም እንድንልክ ስለጠየቀን ነው አለ። እውነት ነው፤ የአውሮፓው ማኅበር ከአንድ ቀን በፊት፣ ኤፕሪል 23 ቀን፣ ውድድራቸውን የሚያቋርጡ አገሮች ተወካዮቻቸውን በስፖርታዊ ብቃት እንዲመርጡ መመሪያ ሰጥቷል። ነገር ግን ይህ መልስ በቅሎ አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው እንዳለችው ነው። የተጠየቀው ሌላ፣ የተመለሰው ሌላ። ሰንጠረዡ የስፖርታዊ ብቃት ማስረጃ መሆኑን ለአውሮፓ ጽፎ የፈረመ ማኅበር፣ ያንኑ ማስረጃ ለገዛ አባላቱ ለካምቡርና ለዴ ግራፍሻፕ የሚነፍግበት ምክንያት ምን እንደሆነ ነበር ጥያቄው።

የገንዘቡም ነገር ይታሰብ። አያክስ በዚያ ሰንጠረዥ በቀጥታ ወደ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ገባ፤ በዚያ ዓመት የምድብ ተሳታፊነት ድርሻ ብቻውን ከ15 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነበር። ኤዜድ በእኩል ነጥብ፣ በሁለት የእርስ በርስ ድል፣ ወደ ማጣሪያ ተላከ። ለአውሮፓው ማኅበር ያቀረበው አቤቱታ ሰሚ አላገኘም፤ በማጣሪያውም በዲናሞ ኪየቭ ተሸንፎ ወጣ። የግብ ክፍያ በሊጉ ደንብ የታወቀ መለያ ነውና አያክስን በዚህ አልወቅሰውም። ይሁን እንጂ የግብ ክፍያ እስከዚህ ድረስ የከበረ ዳኛ ከሆነ፣ የ11 ነጥብ ርቀትስ ስለ ምን ተናቀ?

የድምፁ ጉዳይ

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ወዳስገደደኝ ዋና ነገር ልግባ። ኬኤንቪቢ ውሳኔውን ከማስታወቁ በፊት 34ቱን የፕሮፌሽናል ክለቦች ሰብስቦ በማደግና በመውረድ ላይ ድምፅ ጠየቀ። 16 ክለቦች ማደግና መውረድ ይኑር አሉ። 9 ክለቦች አይኑር አሉ። 9 ክለቦች ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ።

አቋሙን ከገለጸው 25 ክለብ ውስጥ 16ቱ፣ ማለትም 64 ከመቶው፣ ይኑር ያለ ነው። በየትኛውም ጤነኛ ጉባኤ 16 ለ9 የሚባል ድምፅ አሸናፊው ማን እንደሆነ አያከራክርም። ማኅበሩ ግን 16 ከ34 ግማሽ አይሞላም፤ ስለዚህ በቂ ብልጫ አልታየም ብሎ የ9ኙን ክለቦች ፍላጎት አጸደቀ።

ልብ በሉ። ይኑር የሚለው ወገን 16 ይዞ ግማሽ አልሞላህም ተባለ። አይኑር የሚለው ወገን 9 ይዞ ያሸነፈው በምን ሒሳብ ነው? ዝም ያሉት 9ኙ ክለቦች ሳይናገሩ ከተቃዋሚዎች ጋር ተደመሩ። ድምፀ ተዓቅቦ ማለት አላውቅም፣ ወይም ከሚወሰነው ጋር ነኝ፣ ወይም ልጣላ አልፈልግም ማለት ነው፤ እቃወማለሁ ማለት ግን አይደለም። ተዓቅቦን ወደ ተቃውሞ የሚለውጥ ጉባኤ፣ ዝምታን ሲፈልግ የሚመነዝረው ገንዘብ አድርጎታል።

የማኅበሩ ጠበቆች ያ ድምፅ አስተያየት መሰብሰቢያ እንጂ አስገዳጅ አልነበረም ይላሉ። መልካም። ታዲያ ለምን ተጠየቀ? አስገዳጅ ካልሆነ ግማሽ አልሞላም የሚለው መከራከሪያ ከየት መጣ? አንድን ድምፅ ሲመች በቂ ብልጫ የለውም ብሎ በቁጥር መጣል፣ ሲያፋጥጡት ደግሞ ድሮም አስተያየት ነበር ብሎ መሸሽ በሁለት ቢላዋ መብላት ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚለው ብሂላችን ለእንዲህ ዓይነቱ ምክክር የተበጀ ይመስላል። ሕዝብን ጠይቆ መልሱን መጣል፣ ጨርሶ ካለመጠየቅ የከፋ ነው፤ ያልተጠየቀ ሰው ቢያንስ በሰጠው መልስ አልተሾፈበትም።

የተዓቅቦዎቹም ክለቦች ከወቀሳ አያመልጡም። ጉዳዩ የሁለት ባልንጀሮቻቸው ዕጣ ነበር። እኛን አይነካም ያለ፣ ከማንም ጋር አልጣላም ያለ፣ እጁን ያላወጣ ሁሉ የውሳኔው ተካፋይ ነው። በየስብሰባው ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ነገሩ ወዴት እንደሚያዘነብል እስክናይ ድረስ ዝም የምንል ምሁራን ነን ባዮች ይህን ቁጥር ግድግዳችን ላይ ብንሰቅለው ይጠቅመናል። ዘጠኝ ዝምታ፣ ዘጠኝ ተቃውሞ ሆኖ ተቆጠረ።

ለተከላካዮች መልስ

በሌላው ወገን የሚቀርቡት መከራከሪያዎች ዋዛ አይደሉምና በየተራ ላንሳቸው።

የመጀመሪያው፣ ስምንት ጨዋታ የቀረውን ክለብ ማውረድ በደል ነው የሚለው ነው። ስምንት ጨዋታ 24 ነጥብ ያህል ዕድል አለው፤ አርኬሲ ተአምር ሊሠራ ይችል ነበር። እቀበለዋለሁ። ግን በዚያው ሚዛን ካምቡርና ዴ ግራፍሻፕ ይመዘኑ። አርኬሲ የተነፈገው ቢበዛ የመትረፍ ሕልም ነው፤ እነርሱ የተነፈጉት በ29 ጨዋታ ላብ የሠሩትን ነው። የሁለቱ ወገኖች ጉዳት እኩል ነው ማለት፣ እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ እንደተባለው መሆኑ ነው። ደግሞስ ማንንም ሳያወርዱ ሁለቱን ማሳደግና ሊጉን ለአንድ ዘመን 20 ክለብ ማድረግ ማን ከለከለ?

ሁለተኛው መከራከሪያ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ 20 ክለብ 38 ዙር ይፈልጋል፣ የጨዋታ ቀን አይበቃም ይላሉ። በአውሮፓ ውድድር ለሚሳተፉ ክለቦች መጣበቡ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የዚያው አገር ሁለተኛ ሊግ በ2020/21 በ20 ክለብ 38 ዙሩን ተጫውቶ ጨርሷል። ጎረቤት ቤልጅግም ትታይ። በዚያ ክለብ ብሩዥ ሻምፒዮን ተባለ፣ ዋስላንድ ቤቨረንም እንዲወርድ ተወስኖበት ነበር። ክለቡ ተከራከረ፤ በጁላይ 2020 የሊጉ ክለቦች ከ16 ወደ 18 ሊሰፉ ተስማሙ። ዋስላንድ ቤቨረን ተረፈ፣ ሉቨንና ቤርስኾትም ሁለቱም አደጉ። ለጨዋታ ቀን ሲባል በዓመቱ መጨረሻ የሚደረገውን የሻምፒዮንነት ማጣሪያ ከስድስት ክለብ ወደ አራት ቀነሱት። መውጫ መንገድ ነበር፤ የፈለገ አገኘው።

የጨዋታ ቀን ነገር ከተነሳ ደግሞ አንድ ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ። በ2019 አያክስ በሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ቶተንሃምን ሊገጥም ሲል፣ ተጫዋቾቹ እንዲያርፉ ተብሎ የሊጉ 33ኛ ዙር በሙሉ ከኤፕሪል 28 ወደ ሜይ 15 ተዛወረ። ዘጠኙም ጨዋታዎች፣ 18ቱም ክለቦች፣ ለአንድ ክለብ ሲባል። ለአገር ክብር ነው ተባለ፤ ልቃወመው አልሻም። ነገር ግን የቀን መቁጠሪያው ለታላቁ ክለብ እንደ ጎማ የሚሳብ፣ ለዱቲንኸም ክለብ ደግሞ እንደ ድንጋይ የማይነቃነቅ መሆኑን ያየ ሰው ጥያቄ ቢያነሳ አይፈረድበትም።

ሦስተኛው መከራከሪያ ፍርድ ቤት ነው። ካምቡርና ዴ ግራፍሻፕ ኡትሬክት ላይ ከሰሱ፤ ሜይ 14 ቀን ዳኛው ጥያቄያቸውን ውድቅ አደረገ። ማኅበሩ የመወሰን ሥልጣን አለው ተባለ። አዎን፣ አለው። ግን ሥልጣን አለው ማለት በትክክል ተጠቀመበት ማለት አይደለም። ሕግ የተማረ ሰው ሁሉ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ውሳኔው ከሥልጣን ወሰን ውጭ ነው ወይ ብሎ ነው፤ ውሳኔው ፍትሐዊ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ የእኛ የዜጎችና የተመልካቾች ድርሻ ነው። ሕጋዊ የሆነ ሁሉ ቅን ቢሆን ኖሮ፣ የታሪክ መጻሕፍት ግማሽ ገጻቸው ባዶ ይሆን ነበር።

አራተኛው፣ የትኛውም ውሳኔ ማንንም አያስደስትም ነበር የሚለው ነው። ይህ የሰነፍ አስተዳዳሪ መጠለያ ነው። ሁሉን ማስደሰት አለመቻል፣ አንድ መርህ ይዞ ከመጽናት ነፃ አያወጣም። ሰንጠረዡ አይጸናም ቢሉና ለአውሮፓም በዕጣ ወይም በሌላ መንገድ ቢመርጡ እቀበለው ነበር። ሰንጠረዡ ይጸናል ቢሉና አያክስን ሻምፒዮን አድርገው፣ አርኬሲንና አዶን አውርደው፣ ካምቡርንና ዴ ግራፍሻፕን ቢያሳድጉም እቀበለው ነበር። በስኮትላንድ በአማካይ ነጥብ ተሰልቶ ሴልቲክ ሻምፒዮን ሲሆን ኸርትስ ወረደ፤ ኸርትስ አለቀሰ፣ ግን መለኪያው ለላዩም ለታቹም አንድ ነበር። መራራ መርህ ይዋጣል። የማይዋጠው እንደ ተጠቃሚው ፊት የሚለዋወጥ መርህ ነው።

የውስጥና የውጭ ሰው

ጉዳዩ ታላቅና ታናሽ ክለብ ብቻ አይደለም። አርኬሲ ከዋልዋይክ የመጣ ትንሽ ክለብ ነው፤ ተርፏል። ኡትሬክት ታላቅ ከተማ ነው፤ ተጎድቷል። ስለዚህ ሀብታም ድሃን በላ ብሎ ማጠቃለል ቀላል፣ ግን ትክክል ያልሆነ መልስ ነው። እውነተኛው መስመር በቤቱ ውስጥ ባለና በደጅ በቆመ መካከል የተሰመረው ነው። ከውስጥ የነበረ ማንም ወደ ውጭ አልተጣለም፤ ከውጭ የነበረም ማንም ወደ ውስጥ አልገባም። ጭንቅ በመጣ ጊዜ ተቋማት እንዲህ ናቸው፤ የገባውን ይጠብቃሉ፣ የሚገባውን ያስጠብቃሉ። ቋንቋችን ራሱ እንዴት እንደሚናገር እዩ፤ መግባትና መገባት በአንድ ቃል ይጠራሉ። ሊገባው የሚገባ ክለብ ነበር ሳይገባ የቀረው።

የዚህ ዋጋ ምን እንደሆነ ዓመታቱ አሳይተውናል። አዶ ዴንሃግ የተሰጠውን ዕድል ይዞ በቀጣዩ ዘመን የመጨረሻ ሆኖ ወረደ። ካምቡር በ2020/21 የሁለተኛውን ሊግ ዋንጫ አንሥቶ አደገ፤ አንዴ የሠራውን ሥራ ሁለተኛ ጊዜ እንዲሠራ ተገደደ፣ ሠራውም። ከሁሉም የሚያሳዝነው ዴ ግራፍሻፕ ነው። በዚያው በ2020/21 ከጎ አሄድ ኢግልስ ጋር እኩል 77 ነጥብ አግኝቶ፣ በመጨረሻው ቀን በግብ ክፍያ ተበልጦ ሦስተኛ ሆነ። እስከ 2025 ድረስም ወደ ላይኛው ሊግ አልተመለሰም። ልብ በሉ፤ ሰንጠረዡ በ2020 ስለማይታመን ከማደግ የተከለከለ ክለብ፣ በ2021 ሰንጠረዡ በጎል ፍርፋሪ ስለሚታመን ከማደግ ተከለከለ።

አርኬሲስ? በ26 ጨዋታ 15 ነጥብ የነበረው ክለብ ከዚያ በኋላ አምስት ሙሉ ዘመን በኤሬዲቪዚ ኖሮ በ2025 ወረደ። አንዳንዶች ይህንን ይጠቅሱና፣ እዩ፣ ለመትረፍ ብቁ ነበር ይላሉ። በእኔ እምነት ይህ ተቃራኒውን ነው የሚያስረዳው። አምስት ዓመት የላይኛው ሊግ የቴሌቪዥን ገቢ፣ የዝውውር ገበያና ስም ምን ሊያደርግ እንደሚችል ነው ያየነው። ያ ዕድል ለዱቲንኸም ቢሰጥ የት ይደርስ እንደነበር ማንም ሊነግረን አይችልም። የተከለከለ ዕድል የሚያስቸግረው ለዚህ ነው፤ ጉዳቱን ለማስላት የሚሆን ሰንጠረዥ የለውም።

የእኛስ?

በዚያው ሰሞን፣ በ2012 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግም እንዲሁ ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። ሁለቱ አገሮች በሀብትም በተቋም ዕድሜም አይወዳደሩም። በሁለቱም ግን ጨዋታው ሳይጀመር፣ ማን የት እንደሚቆም ሳይታወቅ፣ ሊጉ ቢቋረጥ ምን ይደረጋል ለሚለው ጥያቄ መልስ ተጽፎ አልተቀመጠም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነበር።

ደንብ በሰላሙ ጊዜ የሚጻፈው፣ ጸሐፊው ዕጣው የት እንደሚወድቅ ሳያውቅ እንዲጽፈው ነው። በኦገስት 2019፣ ውድድሩ ሊጀመር ሲል፣ 34ቱን ክለቦች ሰብስቦ ሊጉ በሦስት አራተኛው ቢቆም ምን እናድርግ ብሎ የጠየቀ ቢኖር ኖሮ፣ ሁሉም ፍትሐዊውን መልስ ይመርጡ ነበር፤ አርኬሲም ጭምር፤ መጨረሻ እንደሚሆን አያውቅማ። በኤፕሪል 2020 ግን ሁሉም ወንበሩን አውቋል። ወንበሩን ያወቀ ሰው የሚጽፈው ደንብ የወንበሩ ደንብ ነው። ከዚህ ወዲያ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ምርጫ ሕግ፣ ስለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የማስተምረው ትምህርት ሁሉ የዚህች አንዲት ነጥብ ማብራሪያ ነው።

ያ ሊግ ሲፈልግ በአንድነት መቆም እንደሚችል ያንኑ ዘመን አሳይቶናል። በኖቬምበር 2019 በሁለተኛው ሊግ የኤክሴልሲየሩ አህመድ ሜንዴስ ሞሬራ በዘረኛ ጩኸት ከተሰደበ በኋላ፣ በቀጣዩ ሳምንት በሁለቱም ሊጎች ተጫዋቾች ኳሱን ሳይነኩ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ቆመው አሳለፉ። ማንም ተዓቅቦ አላደረገም፣ ማንም ግማሽ አልሞላም አላለም። ለአንድ ሰው ክብር አንድ ደቂቃ የሰጠ ሊግ፣ ከአምስት ወር በኋላ ለሁለት ክለቦች አንድ ዓመት ላብ ፍትሕ ነፈገ። ልዩነቱ ደቂቃዋ ማንንም ቦታ አለማስለቀቋ ነው።

የኤሬዲቪዚ መዝገብ ሊጉ በ1956 ከተመሠረተ ወዲህ የ2019/20ን የሻምፒዮን ስፍራ ባዶ አድርጎ ይዟል። ብዙዎች ያንን ባዶ ቦታ የወረርሽኙ መታሰቢያ አድርገው ያዩታል። እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው፤ ሰንጠረዡን ለሦስት ጌታ ካደሩ በኋላ አራተኛውን ጥያቄ መመለስ ያቃታቸው ሰዎች ፊርማ ነው። ኬኤንቪቢ ለካምቡርና ለዴ ግራፍሻፕ ዕዳ አለበት፤ ዕዳውም ዋንጫ ወይም ገንዘብ ሳይሆን ምክንያት ነው። ሰንጠረዡ ለአውሮፓ ታምኖ ለእነርሱ ያልታመነበትን ምክንያት፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ ያለ ኮሮና ስም።

ለዛሬ በዚሁ ላብቃ። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ አንባቢያን ሙግታችሁን እንደተለመደው በነፃነት አቅርቡ፤ ተዓቅቦ ግን አልቀበልም።

ቸር ይግጠመን።